ከምድጃው ዳር፦ የበቆሎ እሸት ትዝብቶች

ጎበዝ በቆሎ ጠባሽ በጥፍሯ ትታወቃለች። ከቁልሉ አንዱን ታነሳና ሽፋኑን ጫፉ ላይ ብቻ ገለጥ አድርጋ አውራ ጣቷን ፍሬው ላይ ጫን ታደርጋለች። ውሃ ፈንጠር ካለ ጮርቃ ነው፤ እሳት ሲነካው ተሸብሽቦ ቆረቆንዳው ላይ ይቀራል። ነጭ ወተት ከወጣው ለጋ ነው። ጥፍሯ ገብቶ ወፈር ያለ፣ ሊጥ ሊሆን የተቃረበ ነገር ካወጣ ደግሞ ለጥብስ ደርሷል። ጥፍር አላስገባ ካለ ጊዜው አልፏል፤ ለንፍሮ ወይም ለወፍጮ ይሁን። ከወተቱ እስከ ሊጡ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ጢሙ ብቅ ካለ ከ20ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ እስከ 28ኛው ቀን ገደማ ቢዘልቅ ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩና ጠባሿ ሁሉ የሚሯሯጡት በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

ደንበኛው ግን ሁልጊዜ «ለጋ ለጋውን» ይላል። አንድ ወጣት ስድስት ኪሎ አጠገብ እንዲሁ ሲል ሰማሁት።

«እትዬ፣ ለጋ ምረጪልኝ።»

«ለጋው ለጥብስ አይሆንህም የኔ ልጅ፤ እሱን ቤት ወስደህ ቀቅለው። ለእሳት እኔ የምሰጥህን ብላ።»

ሰጠችው፤ በላ። ቆሞ ሲበላ አይቼዋለሁና ትክክል ነበረች።

*

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በክረምት ሲደውሉ በቆሎ ሳያነሱ አይዘጉም። «እዚህ ያለው ስኳር ነው፤ ጥብስ አይወጣውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እዚያ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በተፈጥሮው ስኳሩን ወደ ስታርች የመለወጥ አቅሙ የተዳከመ። የድሮው ጣፋጭ በቆሎ ከተቆረጠ በኋላ በሙቀት ቦታ ከዋለ በአንድ ቀን ውስጥ ከስኳሩ ግማሽ ያህሉን ያጣ ነበር። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጆን ላውናን እ.ኤ.አ. በ1953 ያስተዋወቀው ዝርያ ስኳሩ ከቀድሞው እጅግ የበዛ፣ ጣፋጭነቱንም ለቀናት የሚያቆይ ሆነ፤ በቆሎ በማቀዝቀዣ መኪና አገር አቋርጦ እንዲሄድ ያስቻለው ይህ ነው። እኔ ግኝቱን አደንቃለሁ። ጥርስ ስር ሲገባ ግን ውሃ ሆኖ የሚያልቅ በቆሎ፣ ወለጋ ወይም ጎጃም ላደገ ሰው በቆሎ አይሆንለትም።

የእኛ ነጭ በቆሎ እህል ነው። ከጎተራ ገብቶ ዱቄት፣ ገንፎ፣ ቂጣ፣ ጠላ ሊሆን የተዘራ፣ መንገድ ላይ ግን በእሸትነቱ የተጠለፈ። ስታርቹ ነው ፍም ላይ የሚበስለው፣ የሚጠነክረው፣ መንጋጋን የሚያሠራው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ብልሆች ይህን ስለሚያውቁ ሱፐርማርኬቱን ትተው የላቲን አሜሪካ ሰዎች ወደሚነግዱባቸው ሱቆች ይሄዳሉ። የመካከለኛው አሜሪካ ሰውም እንደ እኛ ነጩንና ጠንከር ያለውን በቆሎ ይወዳልና፣ የናፈቁትን እዚያ ያገኙታል።

*

ነበልባል በቆሎ አያበስልም። ቆዳውን አጥቁሮ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። ስለዚህ ጠባሿ ከሰሉን ካያያዘች በኋላ አትቸኩልም። ላዩ ግራጫ አመድ እስኪለብስ፣ ከስር ቀይ ሆኖ እስኪግል ትጠብቃለች። ምድጃዋ ብዙ ጊዜ የመኪና ቸርኬ ነው ወይም የተቆረጠ በርሜል፤ ላዩ ላይ የብረት ፍርግርግ። ማራገቢያዋ የካርቶን ቁራጭ።

አንድ አመሻሽ ላይ ሳሪስ መንገድ ዳር ቆሜ አንዷን በደንብ ተመለከትኳት። አምስት በቆሎ ጥዳለች፤ አምስቱም በተለያየ ደረጃ ላይ ናቸው። አዲስ የተላጠው መሀል፣ ፍሙ የበረታበት ላይ ይቀመጣል። ቀለሙ ከነጭ ወደ ክሬም ሲዞር ወደ ዳር ይገፋል፤ እዚያ ውስጡ እስኪበስል በዝግታ ይቆያል። ጠርዙ ላይ ያለው ደግሞ ለባለቤቱ ሊሰጥ የተዘጋጀው ነው። ግራ እጇ ያራግባል፤ ቀኝ እጇ በባዶ ጣት ያገላብጣል። መቆንጠጫ አልነበራትም። ጣቶቿ ፍሬውን ነካ አድርገው ሩብ ዙር ያዞሩትና ሳይቃጠሉ ይመለሳሉ። ሙሉ ዙር አታዞርም፤ ሩብ ብቻ። አንዱ ጎን ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ቀጣዩን ጎን ትሰጠዋለች፤ አራቱ ጎን ሲዳረስ በቆሎው ደርሷል።

ይህን ስታደርግ ምክንያቱን አላስረዳችኝም፤ ምክንያት ግን አለው። እሸት ፍሬ ውስጥ ውሃ ብዙ ነው። ላዩ ሳይደርቅ አይጠቁርም፤ ጥብስ ጥብስ የሚሸተው ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ ውሃ ያለበት ነገር ደግሞ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ውስጡ ስታርቹ የሚያብጠውና የሚበስለው ግን ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ላዩን ማድረቅ፣ ውስጡን ግን አለማድረቅ፤ ሥራው ይህ ነው። በጣም ካራገበች ላዩ ይከስላል፣ ካላራገበች በቆሎው ፍም ላይ ተኝቶ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። መሀከሉን የምታገኘው በዓይኗና በጆሮዋ ነው።

በጆሮዋ የምለው አለምክንያት አይደለም። አንዳንዷ ፍሬ እንፋሎቷን መያዝ ሲያቅታት ጧ ብላ ትፈነዳለች። ፈንዲሻ ትሆናለች ብሎ የሚጠብቅ ሕፃን አይቻለሁ፤ አትሆንም። ፈንዲሻ የራሱ ዝርያ አለው፤ ቆዳው ጠንካራ፣ ውሃው 14 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነ ደረቅ ፍሬ። እሸቷ ስትፈነዳ ቆዳዋ ተሰንጥቆ ትንሽ ነጭ ብቅ ይላል፣ በቃ። ጠባሿ ግን ጧ ጧ ማለቱ ሲበዛ ፍሙ መብረታቱን ታውቅና አመድ ትበትንበታለች።

ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው የሚዘረጋው ለምድጃው ነው። ጀርባዋ ይዘንብበታል።

*

ገጠር፣ ማሳው ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ሌላ ነው። እዚያ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ጦጣና ዝንጀሮ ይጠብቃሉ፤ ሌሊት ደግሞ ከርከሮና ጃርት አለ። ጃርት አገዳውን ከስሩ ቆርጦ ስለሚጥል ከሁሉም በላይ የሚያናድደው እሱ ነው። በወንጭፍና በጩኸት የሚያልፈው ቀን መሀል ላይ እሳት ይነዳል። በቆሎው ከነሽፋኑ ረመጥ ውስጥ ይቀበራል። እርጥቡ ቅጠል ላዩን ከመቃጠል ይጠብቀዋል፤ ፍሬው በራሱ ውሃ እንፋሎት ይበስላል። ሲወጣ የውጭው ቅጠል ጠቁሯል፣ የውስጡ ግን ገና አረንጓዴ ነው፣ ፍሬው ለስላሳና እርጥብ። ይህ በግማሽ ቅቅል፣ በግማሽ ጥብስ ነው።

ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ምረጥ ብባል ግን የማሳውን እመርጣለሁ። ከአገዳው ተገንጥሎ እሳት እስኪገባ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከተማ የሚደርሰው በቆሎ አይሱዙ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ቁልል ውስጥ እርስ በርሱ ሞቆ፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ሰንብቶ ነው። ቁልል መሀል እጅ ሲያስገቡ የሚሰማው ሙቀት የበቆሎው የራሱ ትንፋሽ ነው፤ ተቆርጦም ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ደግሞ ስኳሩን ይበላል። ጠባሾች ጠዋት የመጣውንና የትናንቱን ለይተው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

*

የበቆሎ ረድፎችን ቆጥሮ የሚያውቅ ስንት ሰው ይሆን? 12፣ 14፣ 16፣ 18 ሊሆን ይችላል፤ ጎዶሎ ቁጥር ግን አይገኝም። ፍሬ የሚሆኑት አበቦች ከመነሻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚበቅሉ ረድፉ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው።

እየላጥን የምንጥለው ጢም ደግሞ እያንዳንዱ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ከአገዳው አናት የሚረግፈው ብናኝ ክሩ ላይ ካረፈ ፍሬ ይሆናል፤ ካላረፈ ቦታው ባዶ ይቀራል። የታችኞቹ ክሮች ቀድመው ይወጣሉ፤ የጫፎቹ መጨረሻ። ስለዚህ ጫፉ ባዶ የሆነ በቆሎ ሲገጥመኝ ጠባሿን አልወቅስም። ያ ማሳ ጢም ባወጣበት ሰሞን ዝናብ ሳይጠፋበት፣ ወይም ምግብ ሳያንሰው አልቀረም። መሀሉ ላይ ዘለል ዘለል ያለ ክፍተት ካለ ደግሞ ብናኙ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው። መገናኛ ታክሲ እየጠበቁ የሚጋጡት በቆሎ የአንድን ገበሬ ሐምሌ ይናገራል፤ እኛ ግን ባዶውን ጫፍ አይተን «አታላለችኝ» እንላለን። ይህ ያሳዝነኛል።

*

የሰኔው፣ የሐምሌውና የመስከረሙ በቆሎ ከአንድ አገር የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ብቅ የሚለው በመስኖና በበልግ ዝናብ የተዘራው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የዋናው ክረምት በቆሎ የሚደርሰው። ምዕራብ ጎጃም፣ ምሥራቅ ወለጋ፣ ጅማና ምዕራብ ሸዋ የበቆሎ አገር ናቸው። አገሪቱ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ90 ሚሊዮን ኩንታል በላይ በቆሎ ታመርታለች፤ በምርት መጠን ጤፍን ይበልጣል፣ ጤፍ የሚበልጠው በመሬት ስፋት ብቻ ነው።

ለዚህ ባኮ ሊመሰገን ይገባል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በነቀምት መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የባኮ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ቢኤች-660 የተባለውን ድቅል ዘር አወጣ። ለመድረስ 160 ቀን ገደማ የሚፈልግ፣ ረጅም፣ ነጭ በቆሎ ነው። ለዓመታት የብዙ ገበሬ ዘር እሱ ነበር። ምድጃው ላይ የምናየው ነጭ ፍሬ የእነዚህ ተመራማሪዎችም ልፋት አለበት።

*

«እሸቱን ለምን ይሸጡታል? ቢያደርቁት አይሻልም?» የሚል ከተሜ አለ። ክረምቱን ገጠር ከርሞ የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። የመኸሩ ጤፍ ገና እየተዘራ ወይም ገና ቡቃያ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ መሀል ቀድሞ ለአፍ የሚደርስ በቆሎ ነው። ገና ሳይደርቅ፣ በወተቱ፣ ቤተሰብ ያበላል። ተርፎ የተሸጠው ደግሞ ለልጆች ደብተርና ለጨው፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ይሆናል።

ሌላም ስሌት አለ። እሸት የተሸጠ በቆሎ ነቀዝ አያገኘውም፤ ጎተራ የገባው ግን ነቀዝ ይጠብቀዋል። እሸቱ የተቆረጠበት አገዳ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ለከብት ምግብ ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ለማገዶ እንጂ ለላም ብዙም አይረባም። መሬቱም ቶሎ ይለቀቅና እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራበታል። በሌላ በኩል ሁሉን በእሸቱ የሸጠ ሰው መጋቢት ላይ እህል ገዢ ይሆናል። ገበሬው ስንቱን ረድፍ ለገበያ፣ ስንቱን ለጎተራ እንደሚተው የሚወስነው ይህን ሁሉ በልቡ አስልቶ ነው። ነጋዴው ማሳ ድረስ መጥቶ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ሲጠራለት እምቢ ለማለት የሚያስችል ጥሪት ያስፈልጋል፤ እሱ ነው የሚያንሰው።

*

በ2009 ዓ.ም ደቡብ ምዕራብ፣ ሸካ ዞን የኪ ወረዳ ላይ አንድ አዲስ ትል ታየ። የአሜሪካ መጤ ተምች። ብዙ ሳይቆይ አብዛኛውን የበቆሎ አገር አዳረሰ። የበቆሎው ሙሽራ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይበሳዋል፤ አንዳንዴም ፍሬው ድረስ ይዘልቃል። ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳ ገብቶ ትሉን በእጁ እየለቀመ ገደለው። ጥብስ ከመሆኑ በፊት የተላጠ በቆሎ ላይ ትል ያገኘች ጠባሽ ጫፉን ቆርጣ ትጥላለች፣ ደንበኛውም ፊቱን ያጨማድዳል። ያን ጫፍ ብቻ ነው ከተማው የሚያየው።

*

ፍልሰታና በቆሎ አንድ ወቅት ላይ ይገናኛሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ድረስ ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። በሩ ላይ የተደረደሩት ምድጃዎች ይጠብቁታል። ቅቤ የለበት፣ ዘይት የለበት፤ ፍጹም የጾም ምግብ ነው። ነጠላዋን እንዳጣፋች አንድ ሙሉ በቆሎ ይዛ ለሦስት ልጆች የምትካፈል እናት የዚያ ሰሞን የየቀን እይታ ናት። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ከሻጮቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ለመስከረም ደብተር የሚሆናቸውን ከዚያ ምድጃ ያወጣሉ።

*

ሰው በበቆሎ አበላሉ ሁለት ነው፤ ጋጩና ፈልፋዩ። ጋጩ ከአንድ ጫፍ ይጀምርና በጥርሱ እየላጨ ይሄዳል። ፈልፋዩ መጀመሪያ አንዲቱን ረድፍ በትዕግሥት ይነቅላል። ከባዱ እሷ ናት፤ ፍሬዎቹ ተጠባብቀው ስለቆሙ ጣት አያስገቡም። አንዴ መንገድ ከተከፈተ ግን ቀጣዩን ረድፍ በአውራ ጣት ጎን ወደ ባዶው ገፋ ሲያደርጉት ተደርድሮ ይወድቃል። መዳፉ ሲሞላ አጠገቡ ላለው ሰው ይዘረጋል፤ «እንካ፣ ቅመስ»። ጋጩ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ማጋራት ከፈለገ ሰብሮ ነው የሚሰጠው። ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው የፈለፈለውን ዘርግቶልኝ ያውቃል። ወስጃለሁም። ከማያውቁት ሰው እጅ እህል ወስዶ መብላት በዚህ ከተማ እየቀነሰ መጥቷል፤ በቆሎ ላይ ግን እስካሁን አለ።

*

ናይሮቢ ላይ ጥብስ በቆሎ ሲሸጥ ግማሽ ሎሚ በጨውና በሚያቃጥል በርበሬ ተነክሮ ላዩ ላይ ይታሻል። ሜክሲኮም ሎሚና ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬ፣ አይብም ጨምሮ ይሠራበታል። የእኛው መንገድ ላይ ባዶውን ነው። ቤት ውስጥ አዋዜ ወይም ቅቤ የሚቀባ አለ፣ ግን ልማዱ ባዶው ነው። አንዳንዶች ሎሚውን እዚህም ጀምረውታል፣ አልቃወምም። የእኔ አቋም ግን በዕለቱ ለተቆረጠ በቆሎ ምንም አያስፈልገውም የሚል ነው። ሎሚና በርበሬ የሰነበተ በቆሎን ጥፋት ይሸፍናሉ፤ ትኩስ በቆሎ የሚሸፍነው የለውም።

*

ስለ ከሰሉ ዝም ማለት አልችልም። አንዲት ጠባሽ ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ድረስ ፍም ላይ አጎንብሳ ትውላለች፤ አንዳንዷ ጨቅላ አዝላ። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፤ የማይታየው የከሰል ጋዝ ደግሞ ራስ ያዞራል፤ ፕላስቲክ ከጋረዱበት ይብሳል። ክረምት ላይ ከሰሉ እርጥብ ይመጣል፣ ዋጋውም ይንራል፤ እርጥብ ከሰል ደግሞ ይበልጥ ይጨሳል። ከሰሉ የግራር ነው፤ ዛፉ ሳይተካ ይቆረጣል። በቆሎው ሲወደድ የሚያጉረመርም ደንበኛ የሚከፍለው ለበቆሎው ብቻ እንዳልሆነ ልብ ቢል ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ለበቆሎ ጠባሽ ተብሎ የተለየ ጥግ ግን ባለፍኩበት አላየሁም። ጠባሾቹ ምድጃቸውን አንስተው ለመሮጥ እንደተዘጋጁ ነው የሚውሉት፤ የጋለ ቸርኬ ይዞ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ጣሪያ ያለው፣ ነፋስ የሚገባበት፣ የቆሻሻ በርሜል የተቀመጠለት ትንሽ ቦታ በየአካባቢው ቢሰጥ ለሦስት ወር ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ክፍያም ይቀበሉበት፤ ይከፍላሉ።

*

ቆሻሻውም የከተማው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ በልተን የምንጥለው እኛ ነን። ቆረቆንዳው ከታክሲ መስኮት ይወረወራል፣ ቅጠሉ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይደፈናል፣ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ግን የሚፈለጉ ነገሮች ናቸው። ቅጠሉን በግና ላም ያላቸው ሰዎች በማዳበሪያ ከረጢት እየሰበሰቡ ይወስዱታል፤ ቆረቆንዳው ሲደርቅ ይነዳል። ጎፋ አካባቢ የማውቃት አንዲት ጠባሽ ከምድጃዋ ጎን ባዶ ጆንያ ታስቀምጣለች። በልቶ የጨረሰ ሰው ቆረቆንዳውን እዚያ ይጥላል፤ ቸኩሎ የሚሄደውን «ወንድሜ፣ ከበላህ እዚሁ ጣልልኝ» ትለዋለች። በፀሐይ ታደርቀዋለች፤ በማግሥቱ ከሰሏን የምታያይዘው በእሱ ነው።